አባቴ «በፈቃድህ ውጣ» የሚል ወረቀት መጣለት፤ ይፈርም ወይስ ይቆይ?

የመካኒኩ ልጅ | እሑድ ማታ 2:15

እንዴት አመሻችሁ። ብዙ ጊዜ አንብቤ ነው የምወጣው፣ ዛሬ ግን ቸግሮኝ ጻፍኩ።

አባቴ እዚሁ ጎጃም ውስጥ አንድ ፋብሪካ ይሠራል። ስሙን አልጠራም፣ እሱም አይወድልኝም። የዎርክሾፕ መካኒክ ነው። 27 ዓመት ሆነው። ፋብሪካው መጀመሪያ የመንግሥት ነበር፣ በኋላ ወደ ግል ዞረ፣ ኃላፊዎቹም ሁለት ሦስቴ ተቀያየሩ፣ እሱ ግን ከቦታው ንቅንቅ አላለም። ዕድሜው 54 ከ8 ወር ነው።

ዓርብ ዕለት ሰሌዳ ላይ ማስታወቂያ ተለጠፈ። ጥሬ ዕቃው በመንገዱም በዶላሩም የተነሳ እንደ ድሮው አይገባም፣ ሁለቱ ፈረቃ ወደ አንድ ሊወርድ ነው፣ ስለዚህ በራሱ ፈቃድ መሰናበት ለሚፈልግ ሠራተኛ የ10 ወር ደመወዝ ባንዴ ይከፈለዋል ይላል። ማመልከቻ የሚቀበሉት ለ10 ቀን ብቻ ነው። ከ50 ዓመት በላይ የሆኑት ደግሞ «ቅድሚያ ይሰጣቸዋል»። ይቺን ቅድሚያ የምትለዋን አባዬ ሦስት ጊዜ ነው ያነበባት።

ደመወዙ 12 ሺህ ነው፣ ስለዚህ 120 ሺህ ብር ማለት ነው። እናቴ ብሩን ስትሰማ ዝም አለች። ታናሽ ወንድሜ ባጃጅ ባጃጅ ይላል (በ120 ሺህ የትኛውን ባጃጅ እንደሚገዛ እሱ ያውቃል)። አባዬ ከዓርብ ጀምሮ ማታ ማታ ግቢ ወጥቶ ብቻውን ይቀመጣል። ዛሬ ቡና ሲጠጣ «ከሚያስወጡኝ ብወጣ አይሻልም?» አለኝ። ምን ልበለው?

ጊዮን ዳር | እሑድ ማታ 2:31

አይፈርም። ሰው አንዲት በግ እንኳ ሲሸጥ ገበያውን ዞሮ ጠይቆ ነው። 10 ቀን ብቻ ያሉት ለምን ይመስልሻል? ቁጭ ብሎ እንዳያስብ ነው።

የቡሬ ነጋዴ | እሑድ ማታ 2:50

እኔ ይፈርም ባይ ነኝ። ጊዮን ዳር አትቆጣ። ጥሬ ዕቃ የማያገኝ ፋብሪካ የሚሄድበት መንገድ አንድ ነው። ዛሬ 10 ወር ይሰጣል፣ ከስድስት ወር በኋላ 5 ወር ይላል፣ ከዚያ ጥበቃው ብቻ በር ላይ ይቀራል። እኔ ዕቃ ያቀረብኩበት አንድ ድርጅት እንዲህ ሆኖ ነው የተዘጋው፣ መጀመሪያ የወጡት ብራቸውን ይዘው ወጡ፣ እስከ መጨረሻ የታመኑት ዛሬም ፍርድ ቤት ደጅ ላይ ናቸው። ብር ደግሞ እጅ ሲገባ ነው ብር። በሐምሌ 2016 ዶላሩ ከተለቀቀ ወዲህ የዛሬ ሺህ ብር ከዓመት በኋላ ያው ሺህ ብር አይደለም። ወስዶ ወደ ዕቃ ይቀይረው።

ፋይል ቁጥር | እሑድ ማታ 3:40

እህቴ፣ 14 ዓመት የሰው ኃይል አስተዳደር ውስጥ ሠርቻለሁ። አሁን ወጥቻለሁ፣ በፈቃዴ ሳይሆን በንዴቴ። እንዲህ ያለ ማስታወቂያ በእጄ አርቅቄ አውቃለሁና ከወዲያ በኩል ሆኜ ላስረዳሽ።

መጀመሪያ ሒሳቡን እንሥራ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 አለ። በአዋጁ መሠረት የሥራ ስንብት ክፍያ ለመጀመሪያው ዓመት የ30 ቀን ደመወዝ ነው፣ ከዚያ በኋላ ላለው ለእያንዳንዱ ዓመት የዚያ ሲሶ፣ ማለትም 10 ቀን ይጨመራል። ጣሪያው የ12 ወር ደመወዝ ነው። አባትሽ 27 ዓመት ካለው፣ 30 ቀን እና 26 ጊዜ 10 ቀን፣ በድምሩ 290 ቀን። ደመወዙን ለ30 ካካፈልነው የቀኑ 400 ብር ነው። 116 ሺህ ብር።

አሁን ልብ በይ። አምስት ዓመትና ከዚያ በላይ የሠራ ሰው፣ የሥልጠና ውል ዕዳ (አሠልጥነውት በምላሹ ላገለግል ብሎ የገባው ግዴታ) ከሌለበት፣ ራሱ ሲለቅ እንኳ የሥራ ስንብት ክፍያ ይገባዋል። ማለትም አባትሽ ነገ ጠዋት «ደክሞኛል፣ ለቅቄያለሁ» ብሎ በሕጉ መንገድ ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ ቢወጣ 116 ሺህ የራሱ ነው። ፋብሪካው በቸርነት የጨመረለት 4 ሺህ ብር ነው። በቃ። አራት ሺህ ብር!

እንደገና ልብ በይ። ፋብሪካው ራሱ «የሠራተኛ ቅነሳ» ብሎ ቢያስወጣው ደግሞ በዚያ ላይ የ60 ቀን ደመወዝ ይጨመራል። 350 ቀን፣ 140 ሺህ ብር። ቅነሳ ከሆነ የሁለት ወር ማስጠንቀቂያም አለ፣ ሳያሠሩት ወዲያው ካሰናበቱት የዚያን 24 ሺህ ይከፍሉታል። ስለዚህ 120 ሺህ የሚሉት ስጦታ በቅነሳ ቢወጣ ከሚያገኘው ያንሳል።

ታዲያ አሠሪ ለምን በፈቃድ ይወድዳል? ብሩ ብቻ አይደለም። ቅነሳ ሥርዓት አለው። ከሠራተኛው ቢያንስ 10 በመቶውን የሚነካ መሆን አለበት (ከ20 እስከ 50 ሠራተኛ ላለው ድርጅት ቢያንስ አምስት ሰው)፣ ከሠራተኛ ማኅበሩ ጋር መመካከር አለ፣ ማን ይቅር ማን ይውጣ የሚለውም በኃላፊው ፊት መውደድ አይደለም። ችሎታና ምርታማነት ያለው ይቀራል። በዚያ እኩል ከሆኑ ቀድሞ የሚወጣው አገልግሎቱ አጭር የሆነው ነው። እና 27 ዓመት የሠራ መካኒክ በሕጉ ሰልፍ ከኋላ ነው የሚቆመው። ማስታወቂያው «ከ50 በላይ ቅድሚያ» ሲል ሰልፉን ገልብጦ አባትሽን ከፊት አቆመው። አከበሩኝ ብሎ እንዳይደሰት።

በፈቃድ ሲሆን ይሄ ሁሉ የለም። ፊርማ አለ፣ አለቀ።

የመካኒኩ ልጅ | እሑድ ማታ 3:58

አራት ሺህ?? ለአባዬ ጮክ ብዬ አነበብኩለት። «እስቲ ድገሚው» አለኝ። ደገምኩት። ከዚያ ሳቀ፣ ግን የደስ ደስ ያለው ሳቅ አይደለም።

ዘንጋዳ | እሑድ ማታ 4:10

27 ዓመት ግሪስ ተቀብቶ በአራት ሺህ ብር «እናመሰግናለን»። ሁለት ኬሻ በቆሎ ይገዛ ይሆን? ነጋዴው ይንገረን።

የቡሬ ነጋዴ | እሑድ ማታ 4:22

ዘንጋዳ አንተን ብሎ ቀልደኛ። ፋይል ቁጥር የጻፈውን ሒሳብ አልክድም፣ ለኔም አዲስ ነው። ግን አንድ ጥያቄ አለኝ። ፋብሪካው ቢከስር 140 ሺሁን ማን ይከፍላል? ሕጉ ወረቀት ላይ ነው፣ ብሩ ባንክ ነው።

ፋይል ቁጥር | እሑድ ማታ 4:37

ጥሩ ጥያቄ ነው። ሕጉ የሠራተኛ ክፍያ ከሌላው ዕዳ ሁሉ ቅድሚያ አለው ይላል። ግን እውነትህን ነው፣ ቅድሚያ የሚሠራው የሚከፈል ነገር ሲኖር ነው፣ እስኪሸጥ እስኪለቀም ደግሞ ዓመት ይፈጃል። ስለዚህ ፋብሪካው የምር እየሞተ ከሆነ መውጣት ስህተት ነው አልልም። የኔ ነገር ሌላ ነው፦ ሲወጣ የቅነሳውን ያህል ጠይቆ ይውጣ። ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ የተለጠፈ ዋጋ የመጨረሻ ዋጋ አይደለም፣ ማኅበር ካለ ደግሞ በአንድ ላይ ሲጠየቅ ይጨመራል።

እታለም | እሑድ ማታ 5:05

ልጆቼን አስተኝቼ ነው የገባሁት። እኔ የማውቀው ሒሳቡን ሳይሆን ከሒሳቡ በኋላ ያለውን ነው።

ባለቤቴ የዛሬ ስድስት ዓመት ከአንድ የግንባታ ድርጅት እንዲሁ «በፈቃድ» ብለው ሸኙት። የጄኔሬተርና የፓምፕ ሠራተኛ ነበር። ብሩ ሲገባ ቤታችን ሠርግ መሰለ። ዘመድ ሁሉ አማካሪ ሆነ። በመጨረሻ ከወንድሙ ጋር በግማሽ በግማሽ ባጃጅ ገዙ። አንዱ ቀን ነዳጅ የለም፣ አንዱ ቀን መንገድ ዝግ ነው፣ አንዱ ቀን ሰዓት እላፊ፣ አንዱ ቀን ወንድምየው ወስዶ አላመጣም። በዓመት ከመንፈቅ በኪሳራ ሸጡት፣ ወንድማማቾቹም እስከ ጥምቀት ሳይነጋገሩ ቆዩ።

ከብሩ ይልቅ ያስቸገረኝ ግን ሌላ ነው። ሃያ ዓመት ጠዋት 12 ሰዓት የሚወጣ ሰው ነበር። ቤት ሲውል ቤቱ ጠበበው። ድስት ለምን ከዚህ ተቀመጠ፣ ጨው ለምን በዛ፣ ልጆቹ ለምን ይጮኻሉ። ጠዋት ልብሱን ለብሶ፣ ጫማውን አስሮ፣ በር ላይ ይቆምና ይመለስ ነበር። አንድ ቀን አይቼው ወደ ጓዳ ገብቼ አለቀስኩ።

አሁን ደህና ነው። በመራዊ ዙሪያ ለገበሬው የውሃ ፓምፕ ይጠግናል። የራሱ ሙያ ነው ያወጣው፣ ባጃጁ አይደለም። የኔ እህት፣ አባትሽን ስንት ይሰጡሃል ከማለትሽ በፊት በማግሥቱ ጠዋት ወዴት ትሄዳለህ በይው።

ፋግታ | ሰኞ ጠዋት 1:20

የእታለም ጽሑፍ ልቤን ነክቶኛል። ለኛ ሀገር አንድ ነገር ልጨምር። አጎቴ የስንብት ብሩን ይዞ መጥቶ መሬቱ ላይ ዲከረንስ የሚባለውን የከሰል ዛፍ ተከለበት፣ ያኔ ፋግታ ለኮማ ሁሉም ይተክል ነበር። አራት አምስት ዓመት ጠብቆ በከሰል ሸጠ፣ ደህና አድርጎ አገኘ፣ ቆርቆሮ ቤት ሠራ። ሁለተኛውን ዙር ሲተክል ግን ዛፉን በሽታ ገባበት፣ ቅጠሉ እየደረቀ። አሁን ግማሹን ነቅሎ ድንች ዘርቷል። ምክር አይደለም፣ እንዲሁ ነው የነገርኳችሁ።

ጮቄ | ሰኞ ጠዋት 4:45

ሁላችሁም ስንብት ስንብት ትላላችሁ፣ የጡረታውን ነገር ማንም አላነሳም። ትልቁ ብር ያለው እዚያ ነው።

የመካኒኩ ልጅ፣ አባትሽ 54 ከ8 ወር ብለሻል። በጡረታ ሕጉ መደበኛ መውጫ 60 ነው፣ ግን ቢያንስ 25 ዓመት ያገለገለ ሰው በ55 ዓመቱ አስቀድሞ መውጣት ይችላል። አባትሽ 27 አለው። አራት ወር ነው የቀረው። ማስታወቂያው ደግሞ በ10 ቀን ወስን ይለዋል!

አበሉ እንዴት እንደሚሰላ ልንገርሽ። ለመጀመሪያው 10 ዓመት የመጨረሻው ሦስት ዓመት አማካይ ደመወዝ 30 በመቶ፣ ከዚያ በላይ ላለው ለእያንዳንዱ ዓመት 1.25 በመቶ፣ ጣሪያው 70 በመቶ። ለ27 ዓመት 51.25 በመቶ ይመጣል። አማካዩ 10 ሺህ ቢሆን በወር 5,125 ብር። ትንሽ ናት፣ አውቃለሁ። ግን ከ55 እስከ 60 ባለው አምስት ዓመት ብትደምሪው ከ300 ሺህ ብር በላይ ነው። የፋብሪካውን 120 ሺህ ሁለት ጊዜ ተኩል ማለት ነው። ዛሬ ፈርሞ ወጥቶ ጡረታውን 60 ሲሞላው ብቻ ተቀበል ቢባል የሚያጣው ይሄንን ነው። ከ55 በፊት የለቀቀ ሰው ጉዳይ ሌላ ክርክር ያስነሳል፣ ለአራት ወር ብሎ ክርክር ውስጥ መግባት ደግሞ ሞኝነት ነው። መውጣት ከፈለገ ይውጣ፣ ግን የመውጫ ቀኑ ልደቱ ካለፈ በኋላ ይሁን። ይህን በጽሑፍ ይጠይቅ።

ሌላም አለ። የግል ድርጅት ሠራተኛ ጡረታ የተጀመረው በ2003 ነው፣ በአዋጅ 715። (አሁን የሚሠራው 1268/2014 ነው።) ስለዚህ ዕድሜውን ሙሉ በግል ድርጅት የሠራ ሰው ጡረታ የተከፈለበት 25 ዓመት ገና ሊኖረው አይችልም፣ ሒሳቡ አይደርስም። «25 ዓመት ሠርቻለሁ» እና «25 ዓመት ጡረታ ተከፍሎልኛል» ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። የአባትሽ ፋብሪካ የመንግሥት ስለነበር የድሮው አገልግሎት አለው፣ ግን የድሮው ዘመን መዝገቡ ላይ በትክክል መመዝገቡን ማኅበራዊ ዋስትና ቅርንጫፍ ሄዶ ይይ። ከደመወዙ 7 በመቶ ይቆረጣል፣ አሠሪው 11 ይጨምራል፣ ሁለቱም ገቢ መደረጋቸውንም አብሮ ይጠይቅ። ቆርጠው ያላስገቡ ድርጅቶች ስንት እንደሆኑ እኔ ነኝ የማውቀው።

ጊዮን ዳር | ሰኞ ጠዋት 4:58

አላልኳችሁም? አይፈርም።

ጮቄ | ሰኞ ጠዋት 5:03

አይፈርም አላልኩም ወንድሜ። አራት ወር ይቆይና ይፈርም ነው ያልኩት። ልዩነት አለው።

ደጀን በረሃ | ሰኞ ከሰዓት 10:30

ሜሪላንድ ነው ያለሁት፣ የደጀን ልጅ ነኝ። እዚህ ሀገር ይሄ ነገር እንዴት እንደሚሆን ልንገራችሁ፣ ምክንያቱም ጎረቤቴ የፌዴራል መንግሥት ሠራተኛ ነበር።

ባለፈው በፈረንጆች 2025 ጥር 28 ቀን ለሁለት ሚሊዮን ገደማ የመንግሥት ሠራተኛ ኢሜይል ተላከ። «በፈቃድህ ልቀቅ፣ እስከ መስከረም መጨረሻ ደመወዝህ አይቋረጥም» ይላል። መልስ መስጫው መጀመሪያ ዘጠኝ ቀን ነበር፣ በፍርድ ቤት ምክንያት እስከ የካቲት 12 ተራዘመ። ወደ 75 ሺህ ሰው ተቀበለ። ጎረቤቴ አልተቀበለም ነበር፣ ግን ሦስት ሳምንት ሌሊት ሌሊት ሲንጎራደድ በግድግዳው እሰማው ነበር። ከዚያ በፊት የነበረው የተለመደው መንገድ ደግሞ በ1990ዎቹ የመጣ ነው፣ ለሚለቅ ሰው እስከ 25 ሺህ ዶላር ይሰጣሉ፣ ያ ጣሪያ ለአብዛኛው መሥሪያ ቤት ዛሬም እዚያው ነው። በ30 ዓመት ውስጥ ዳቦ ስንት እጥፍ እንደጨመረ አስቡት።

አንድ የወደድኩት ነገር ግን አለ። እዚህ የግል ድርጅት ዕድሜው 40 እና ከዚያ በላይ የሆነን ሠራተኛ ከሌሎች ጋር በቡድን «ገንዘብ ልስጥህና አልከስም ብለህ ፈርም» ሲል ቢያንስ 45 ቀን ማሰቢያ መስጠት አለበት። ከፈረመ በኋላ እንኳ በ7 ቀን ውስጥ ሐሳቤን ቀየርኩ ማለት ይችላል። ከኛዋ የ10 ቀን ማስታወቂያ ጋር ስታስተያዩት... እንግዲህ።

ማርቆስ | ሰኞ ማታ 1:15

ኢኮኖሚክስ አስተምራለሁ። የደጀን በረሃን ነገር ልቀጥል።

በፈቃድ መሰናበት የሚባለው ከውጭ ሲታይ ሰብዓዊ ይመስላል፣ ማንም ተገፍቶ አይወጣም። ችግሩ ማን እንደሚወጣ አሠሪው አይመርጥም። ሌላ ቦታ ሥራ የሚያገኘው ጎበዙ ቀድሞ ፈርሞ ይሄዳል። የትም የማይሄደው ይቀራል። ስለዚህ ልምድ ያላቸው አሠሪዎች ማስታወቂያው ግርጌ ላይ «ድርጅቱ ማመልከቻውን ያለመቀበል መብቱ የተጠበቀ ነው» የምትል መስመር ያስገባሉ። እህቴ፣ እስቲ ማስታወቂያውን እንደገና እዪው፣ ይኖራል።

ሕንድ ሀገር የመንግሥቱ የቴሌኮም ኩባንያ በ2019 ከ50 ዓመት በላይ ለሆኑት እንዲህ ዓይነት ዕድል ሰጠ። ከ78 ሺህ በላይ ሰው ተመዘገበ፣ የሠራተኛው ግማሽ ገደማ ማለት ነው፣ በጥር 2020 መጨረሻ ባንድ ቀን ወጡ። የደመወዝ ወጪው በጣም ቀነሰ። ግን አስቡት፣ የትኛው ኬብል በየት እንደሚያልፍ በጭንቅላቱ የያዘው ሰው ነው አብሮ የወጣው። ያን ዕውቀት ማንም ፋይል ላይ አላሰፈረውም ነበር።

ዘንጋዳ | ሰኞ ማታ 1:24

የኛ ቀበሌ ቧንቧ ሠራተኛ ጡረታ የወጣ ጊዜ ውሃ ሦስት ሳምንት ጠፋ። መዝጊያው የት እንዳለ የሚያውቀው እሱ ብቻ ነበር። ጠላ ቤት ሄደው ለምነው አመጡት።

የመካኒኩ ልጅ | ሰኞ ማታ 2:02

መምህር፣ መስመሯ አለች! ከታች በትንሽ ፊደል። አላየናትም ነበር።

ለሁላችሁም፦ አባዬ ነገ ከማኅበሩ ሊቀመንበር ጋር ሆኖ ኤች አር (ሰው ኃይል ክፍል) ሊገባ ነው። የመውጫ ቀኑ አራት ወር ከአንድ ሳምንት ወደ ኋላ እንዲገፋ፣ ክፍያውም የቅነሳውን ያህል እንዲሆን ሊጠይቅ ነው። ደብዳቤውን እኔ ነኝ የጻፍኩለት። ሌላ መርሳት የሌለብን ነገር አለ?

ፋይል ቁጥር | ሰኞ ማታ 2:40

አለ። የማመልከቻ ፎርሙን አንብቡት። «ከዚህ በኋላ በድርጅቱ ላይ ምንም ጥያቄ የለኝም» የሚል አንቀጽ ይኖርበታል፣ እኔም ጽፌው አውቃለሁ፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ። በአዋጁ አንቀጽ 25 በስምምነት ሥራ ማቋረጥ ይቻላል፣ ግን ሠራተኛው በሕግ ያለውን መብት ትቻለሁ ቢል እንኳ ውጤት የለውም። በጽሑፍ ያልሆነ ስምምነትም ሠራተኛውን አያስገድደውም። ስለዚህ ኃላፊው በቃሉ «ግዴለም እንጨምርልሃለን» ካለ እዚያው ወረቀቱ ላይ ያስፍረው።

ያልወሰደው የዓመት ፈቃድ በገንዘብ ይታሰብለታል፣ ከ10 ወሩ ውጭ ነው። ክፍያው ሥራ ካቆመ በ7 የሥራ ቀናት ውስጥ መጠናቀቅ አለበት፣ ቢዘገይ እስከ ሦስት ወር ደመወዝ ድረስ ቅጣት አለው። የሚከሰስ ነገር ካለ ደግሞ የክፍያ ጥያቄ ከ6 ወር በኋላ በይርጋ (ጊዜው አልፏል ተብሎ) ይቀራል፣ «ነገ ዛሬ» እያሉ እንዳያስረጁባችሁ።

ግብርም አለ። የገቢ ግብር አዋጅ 979/2008 ከሥራ ሲሰናበቱ የሚገኘውን ገንዘብ በፈቃድም ይከፈል በስምምነት ከመቀጠር የተገኘ ገቢ አድርጎ ነው የሚቆጥረው። 120 ሺህ ብለው ሲነግሩት «የተጣራ ስንት?» ይበል።

ጮቄ | ሰኞ ማታ 2:55

በኔ በኩል አንዲት ብቻ። ፓኬጁ (የመውጫው ክፍያ) ከጡረታ አበሉ ጋር የማይነካካ መሆኑ ስምምነቱ ላይ ይጻፍ። በኋላ «ጡረታ ስላለህ ይሄኛው አይገባህም» የሚል ብልጥ እንዳይመጣ።

እታለም | ሰኞ ማታ 3:10

የቁጠባና ብድር ማኅበሩንም አትርሱ። ዕዳ ካለበት ከሚከፈለው ብር ላይ ነው የሚነሳው። የኔ ባለቤት ለሁለት ጓደኞቹ ዋስ ነበር፣ ያን ረስተነው ነበር፣ ሊወጣ ሲል «ሌላ ዋስ ካልመጣ ክሊራንስ አንሰጥም» አሉት። ሁለት ሳምንት ዋስ ስንለምን ከረምን።

የመካኒኩ ልጅ | ሰኞ ማታ 3:16

እትዬ፣ አባዬም የሦስት ሰው ዋስ ነው! አሁን ጠየቅሁት። «ማንን እምቢ ልበል» አለኝ።

ጊዮን ዳር | ማክሰኞ ማታ 1:30

እህ፣ ምን ሆነ? ቀኑን ሙሉ እየከፈትኩ ነው የማየው።

የመካኒኩ ልጅ | ማክሰኞ ማታ 3:45

ይቅርታ፣ ኔትወርክ ጠፍቶ ነበር።

እንዲህ ሆነ። አባዬና ሊቀመንበሩ ገቡ። ኃላፊው ደብዳቤውን አነበበ። ገና ስለ አራት ወሩ ሳይነጋገሩ «አንተ እኮ አይፈቀድልህም» አለው። ለምን ሲባል፣ ቦይለሩንና ሁለቱን አሮጌ ማሽኖች የሚያውቃቸው እሱ ብቻ ስለሆነ። ማሽኖቹ መለዋወጫ የላቸውም፣ አባዬ ነው ብረት አስቀርጾ የሚያኖራቸው። ዋና መሐንዲሱ ዝርዝሩ ላይ ስሙን ሲያይ ቀይ እስክሪብቶ አድርጎበታል አሉ። መምህር እንዳሉት ማለት ነው።

አባዬ ምን እንዳለ ታውቃላችሁ? «ታዲያ ከ50 በላይ ቅድሚያ ያላችሁት ማንን ነው?»

መልስ የለም።

ግን ሊቀመንበሩ ብልጥ ሰው ናቸው። «እንግዲያው የምትፈልጉት ከሆነ ደረጃው ከስድስት ዓመት በፊት ነው የቆመው» ብለው ስለ ደመወዝ ጀመሩ። ሁለት ልጆች ሥር ሥሩ ሆነው እንዲማሩም ተነጋገሩ። የሌሎቹን በተመለከተ ማኅበሩ ሁሉንም ወክሎ የቅነሳውን ሒሳብ ሊጠይቅ ነው፣ የፋይል ቁጥርን ጽሑፍ አትሜ ለሊቀመንበሩ ሰጥቻቸዋለሁ (ፋይል ቁጥር አትቆጣኝ)። ቀኑም እንዲራዘም ጠይቀዋል።

ፋይል ቁጥር | ማክሰኞ ማታ 4:01

ኧረ አልቆጣም። ስሜ እስካልተጻፈ ድረስ።

የቡሬ ነጋዴ | ማክሰኞ ማታ 4:12

ተሸንፌያለሁ፣ ግን ግማሽ። ፋብሪካው አሁንም ጥሬ ዕቃ የለውም። ደመወዝ ቢጨምሩለት እንኳ የማኅበራዊ ዋስትና መዝገቡን ከአሁኑ ይያዝ።

የመካኒኩ ልጅ | ማክሰኞ ማታ 4:30

አባዬ አጠገቤ ሆኖ «ጻፊልኝ» ብሎኝ ነው። እንዳለው እጽፈዋለሁ፦

«ሁላችሁንም አመሰግናለሁ ልጆቼ። ነጋዴውንም ጭምር፣ እውነቱን ነው። መዝገቡን ሐሙስ ሄጄ አያለሁ። ያቺ ሴትዮ ስለ ባሏ የጻፈችውን ልጄ ሁለት ጊዜ አንብባልኛለች። እኔ ብሩን አልነበረም ሳስብ የነበረው፣ ሰው ባለቀ ጊዜ አለቅህ ሲሉት ደስ አይልም፣ እሱን ነው። ዛሬ ደግሞ አትወጣም ሲሉኝ ደስ አለኝ፣ በዚያው ተናደድኩ። 55 ሲሞላኝ እንደገና እወስናለሁ። ያን ጊዜ ወረቀቱን የምጽፈው እኔ ነኝ። አሁን ልተኛ፣ ጠዋት ፈረቃ ነኝ።»

እታለም | ማክሰኞ ማታ 4:41

ጋሼ፣ ደህና እደሩ። ባለቤቴም ሰምቶታል፣ ሰላም ይላል። የድሮ ፓምፕ መለዋወጫ የሚቀርጽ ሰው ካወቁ ስልክ ይስጡኝ ብሎዎታል።

ወተት አባይ | ረቡዕ ጠዋት 2:10

ይቅርታ ክሩን ስላቋረጥኩ። እኔ ሌላ ድርጅት ነኝ፣ 11 ዓመት ሠርቻለሁ፣ እኛም ጋ ዛሬ ጠዋት ተለጠፈ። የ4 ወር ደመወዝ ይላል። የኔ ስንት ይመጣል?

ፋይል ቁጥር | ረቡዕ ጠዋት 2:26

30 ቀን እና 10 ጊዜ 10፣ 130 ቀን። ከ4 ወር ይበልጣል። እንዳትፈርም፣ ማስታወቂያውን ፎቶ አንስተህ ላክልኝ።